የአክስቴ አቋራጭ

ቀይ ጫማ ነበረኝ። ነበረኝ ልበል እንጂ አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። ከአክስቴ አልጋ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የአክስቴን ሠርግ ይጠብቅ ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ እናቴ አንገት ላይ ነው፤ እናቴ ደግሞ በልቅሶ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ያን ዓመት ሠርጉን እንደ እኔ የናፈቀ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ሙሽራዋም ብትሆን።

ጫማውን ያመጣልኝ ሙሽራው ነው። ከተራራው ወዲያ ማዶ ትልቅ የእንጨት መሰንጠቂያ ስላለው ሰዉ ሁሉ ባለ መጋዙ ይለዋል። በአቋራጩ መንገድ ተራራውን ተሻግሮ በመጣ ቁጥር ኪሱ በከረሜላ ይንሿሿል። ብድግ አድርጎኝ ጣሪያ ሊያስነካኝ ይደርስና "ዋናዋ ሚዜ አንቺ እኮ ነሽ!" ይለኛል። ሽቶና አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ይሸታል። እኔ እንዲያው ሞቼለት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ሰውዬው ከቤታችን ሰው ከልቡ የወደደው እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከጉልበቱ አልበልጥም፣ ያለኝንም ሁሉ እሺ እላለሁ፤ ለምን አይወደኝ?

አባቴ አናጺ ነበር፤ በርና መስኮት ይሠራል። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ክዳን ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚቴን እስኪውጥ ይከመር ነበር። እናቴ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላች ለምድጃዋ ታስቀምጠዋለች። ድሮ እንጨቱ ከራሳችን ተራራ ይወርድ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ግን ተራራው ተመልጦ አልቋል፤ አባቴ የሚልገው ጣውላ ሁሉ የሚመጣው ከባለ መጋዙ ነው። ሰውዬው "የለም" ካለ የአባቴ ሥራ ቤት በማግሥቱ ይዘጋል። እና አንድ ቀን መጥቶ አክስቴን ሲጠይቅ አባቴ እሺ አለ።

"ምን ይበል?" ስትል ሰማኋት እናቴ ለጎረቤታችን። "አፍ አለው እንዴ?"

እኔ ደግሞ እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ተገኝቶ ምን ይባላል አልኩ በልቤ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አያቴ ስትሞት ገና ልጅ ስለነበረች እኛ ቤት አደገች፤ እኔ እታለም እላታለሁ። አያቴ ነፍሷ ሊወጣ ሲል የአባቴን እጅ ይዛ ያለችውን ነገር በቤታችን የማያውቅ አልነበረም፤ ሲነገር ስንቴ ሰምቼዋለሁ። "እህትህን፣ ጠዋት ተነስተህ በእግርህ ማታ የማትደርስበት ቦታ እንዳትድራት።" አባቴም ምሎላታል። በአቋራጩ ከተኬደ ባለ መጋዙ ቤት ለምሳ ይደረሳል። በዋናው መንገድ ተራራውን ልዙር ያለ ሰው ግን መሃል ላይ ሰው ቤት ማደር አለበት። "እናቴ ብትኖር ቅር አይላትም፤ ቅርብ ነው" ይል ነበር አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በዚያው ዓመት ከተራራው የወረደ ጎርፍ የታችኛውን ሰፈር ማሳ ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። ምንጩ ከደረቀ ደግሞ ቆይቷል። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ተጨቃጨቀ፣ በመጨረሻ ተራራውን ለመዝጋትና የድሮውን ደን ለመመለስ ተስማማ። ከላይ የመጣ ትእዛዝ የለም፤ መከራው ነው ያስማማቸው። ሊቀመንበር ያደረጉት ጋሽ ሜትርን ነው። ጋሽ ሜትር ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው፤ የብረት ሜትሩ ከወገቡ አይለይም። እኔን ባየ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ይዘረጋውና "ኧረ ይቺ ልጅ ወደ ታች ነው እንዴ የምታድገው?" ይላል።

ሕጉን ያረቀቀው እሱ ነው። ለየቤቱ ከተራራው ላይ ቁራጭ መሬት ይታደላል። እያንዳንዱ ቤት አገር በቀሎቹን ዛፎች፣ ወይራውን፣ ጥዱን፣ ዝግባውን ይተክልበታል። በጋው ሊያልቅ ሲል ኮሚቴው ዞሮ ያያል። ከግማሽ በላይ የጸደቀበት ቁራጭ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደን ይባላል፤ ሰውም ከብትም አይረግጠውም። ያልጸደቀበት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ዕደላው ቀን የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር። ሰዉ አፈር ያለበትን፣ ጥላ ያለበትን ይሻማል። አክስቴ እጇን አወጣችና "ለእኛ ቤት አቋራጩን ስጡን" አለች።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። አቋራጩ እኮ ስንት ዘመን ሰውና በቅሎ የረገጠው፣ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ መሬት ነው። እንኳን ዛፍ ሣርም አያበቅል።

"ልጄ፣ እሱ ላይ ምን ይበቅልልሻል?" አላት ጋሽ ሜትር።

"ልሞክረው።"

ከኋላ አንዷ "ውይ ተዋት እባክህ! ልቧ ማዶ ነው። ተከልኩ ብላ መንገድ መንገዱን ልታይ ነው!" ስትል ሴቶቹ ተንጫጩ። አክስቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ያፈረች መሰለኝ። ጋሽ ሜትርም እየሳቀ "ስጧት በቃ፣ የፍቅር ነገር ነው" አለ። ወሬው ማዶ ሲደርስ ባለ መጋዙ ደስ ብሎት መጣና ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጋት። "ድንጋይ ላይ ልትተክይ? ተጫወቺ እስቲ!"

አንዲት ሴት መንገድ ላይ ከቆመች የምትጠብቀው ሰው አለ ማለት ነው። መንደሩ በሙሉ ያሰበው እንደዚያ ነበር። መንገዱን ልትዘጋው ነው ብሎ የጠረጠረ አንድ ሰው አልተገኘም፤ ጉድ እኮ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ተከለች። ዶማው ከመሬቱ ላይ እየነጠረ ይመለሳል፣ እሷ ደግሞ መልሳ ታነሳዋለች። አፈሩን ከወንዝ ዳር በከረጢት ተሸክማ እያወጣች በየጉድጓዱ ትሞላዋለች። እኔ ችግኝ አቀባይ ነኝ። የገረመኝ ነገር ቢኖር የምትተክለው በመንገዱ ዳርና ዳር ሳይሆን መሃል መሃሉን መሆኑ ነው።

"እታለም፣ መሃል ላይ ከሆነ ሚዜዎቹ በየት ያልፋሉ?"

"ዳሩ ድንጋይ ነው።"

"ለሠርጉ እንዲያምር ነው አይደል?"

ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። "ያቺን ወይራ አቀብዪኝ" አለች።

ለእኔ በቂ መልስ ነበር። ሙሽራዋ በበቅሎ፣ እኔ በቀይ ጫማዬ፣ ግራና ቀኝ ለምለም ቅጠል። ሁሉም ነገር ተያያዘልኝ።

ዝናቡ እንዳቆመ አክስቴ አንድ ቀን ከቤት ጠፋች። ሲመሻሽ አባቴ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ይዟት መጣ። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ነበር። ማንም አልጮኸባትም። አባቴ ውሃ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳው፤ ውሃ እንደሌለበት ያወቀው አፉ ጋ ካደረሰው በኋላ ነው።

በማግሥቱ የእኔና የአክስቴ ክፍል በር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ መቀርቀሪያ ገጠመ።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አልኳት እናቴን።

"ሙሽራ ከቤት አትወጣም።"

ከግድግዳው ወዲያ ግን አባቴ "ደግማ ብትሄድስ?" ሲል ሰምቻለሁ። እና ገባኝ። ሠርጉን መጠበቅ አቅቷት ወደ እሱ ልትሄድ ነበር! እንዴት አንጀቴን እንደበላችው። ወይ እኔ፤ መናኸሪያው ከተራራው በተቃራኒ በኩል መሆኑን እንኳ አላሰብኩትም።

የእኔም አልጋ እዚያው ስለሆነ ከእራት በኋላ እኔም አብሬ እዘጋለሁ። ያ የመቀርቀሪያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ ይንፏቀቃል፣ ከዚያ ጧ ይላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ እኛ ላይ ያወርደዋል። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ አባቴ በጣውላ ርብራብ አጥሯታል፤ በርብራቡ መሃል ተራራው በቁራጭ በቁራጭ ይታያል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። እኔ ባልዲው ላይ መቀመጥ ስለማልወድ እስኪነጋ ይዤው አድር ነበር። አክስቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ ታነባለች። ያንኑ ገጽ፣ በየቀኑ።

"እታለም፣ ትንፋሽ አጠረኝ።"

"መስኮቷ ጋ ነይ፤ አፍንጫሽን በቀዳዳው አውጪው።"

ሁለታችንም አፍንጫችንን በቀዳዳው አውጥተን ቆመን እናውቃለን። እኔ እንደ ጨዋታ ነበር የያዝኩት። ለእሷ ያቺ ቀዳዳ ምን እንደነበረች ሳስብ ዛሬም ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል።

መውጫዋ አንድ ብቻ ነበር፤ የተራራው ሥራ። በሥራ ቀን ሰው ያልላከ ቤት ቁራጩን ይነጠቃል፣ በሰፈሩም ፊት ያፍራል። አባቴ ሥራ ቤቱን መተው አይችልም፣ እናቴ ወገቧን ያማታል። ስለዚህ በሥራ ቀን መቀርቀሪያው ይከፈትና እኔ ጠባቂ ሆኜ አብሬ እላካለሁ። "ከእሷ አትለዪ" ትለኛለች እናቴ። ሌላው ሰው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ አክስቴ ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥላ ልትሮጥ ምንም አይቀራት። በየችግኙ ሥር ተንበርክካ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። እየቆረጠች የምታወጣው የራሷን እድሜ ይመስል አንዲት ጠብታ ድንጋይ ላይ ብትፈስ ትቆጫለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ፍቅር በዓለም የለም እላለሁ።

በበጋው አጋማሽ ባለ መጋዙ ሊጠይቃት መጣ። ሳሎን ተቀመጡ። ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝና "ሂጂ፣ ውጪ ብዪው" አለኝ። በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ስልጥ የእሱ ድምፅ ይሰማኛል፤ ዝቅ ያለ፣ የማይጮህ። "እምቢ ነው ያልሽኝ? ለእኔ?" የመሰለ ነገር ሰማሁ። ከዚያ አክስቴ ጮኸች። አንዴ ብቻ።

ሰውዬው እየሳቀ ወጣ። "በሩ ጣቷን ቆነጠጣት! የአናጺ ቤት በር እኮ ጉልበተኛ ነው!"

የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ጎን ዞራ ነበር። እናቴ በጨርቅ አሰረችላት። አክስቴ ባለ መጋዙን አላየችም፣ አባቴን ነበር የምታየው። አባቴ ወለሉን ያያል።

"ይሄ እጅ እንዲህ የሆነው ዶማ ሲይዝ እየዋለ ነው" አለ ባለ መጋዙ። "የእኔ ሚስት ደግሞ የቀን ሠራተኛ ናት እንዴ? ከእንግዲህ ተራራ መውጣት ይቅርባት።"

"እሺ" አለ አባቴ።

በማግሥቱ አባቴ ሥራ ቤት አልገባም። ሳሎን ገብቶ በሩን እየከፈተ ይዘጋል። ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ በኃይል ይዘጋል፣ የራሱን ትንሽ ጣት ከማጠፊያው በኩል ያስገባል፣ ከመዝጊያው በኩል ያስገባል። እኔ እንዳይቆነጥጥ ሊጠግነው መሰለኝ። መዶሻ ላምጣልህ አልኩት። "አያስፈልግም" አለኝ። በሩን የሠራው እሱ ነው። በሩ ጣት በዚያ አቅጣጫ እንደማይሰብር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መቀርቀሪያው ቀን ከሌት ተዘጋ። በሥራ ቀን በአክስቴ ፈንታ የቀን ሠራተኛ ተላከ፤ እሱም ድንጋይ ለቅሞ ይመለሳል እንጂ ውሃ አይሸከምም። ፀሐዩ እንደ ጉድ ከረረ። እኔ ጠዋት ጠዋት ስለሚከፈትልኝ አክስቴ ማንቆርቆሪያ ታስይዘኛለች። "ጥቂት ጥቂት፣ ሥሩ ላይ፣ እሺ ሚጡዬ?" የማንቆርቆሪያዋ ውሃ ደግሞ ከታች ላሉት ለጥቂቶቹ እንጂ አይበቃም። ላይኛዎቹ ጋ ደርሼም አላውቅ።

ስመለስ ትጠይቀኛለች። "ከላይ ያሉትስ? ቅጠል አላቸው?"

"አላቸው!" እላለሁ። ደስ እንዲላት ነዋ።

"አይተሻል?"

ማንቆርቆሪያዋን ጥግ ላስቀምጥ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ጋዜጣው ትመልሳለች። አባቴ ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ሲወጣ እርምጃው በራችን ላይ ቆም ይላል፤ አክስቴ ትንፋሿን ትይዛለች። መቀርቀሪያው አይነካም። እርምጃው ይሄዳል። አክስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ የምትጸልይ ይመስለኛል። ስትረግመው እንደነበር የነገረችኝ ፀጉሬ ሽበት ካበቀለ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ሌላ ነገር ተነሳ። የእናቴ ሰጋቱራ መጥፋት ጀመረ። "ሁለት ከረጢት ሞልቼ ነበር፤ የት ገባ?" ትላለች። ከረጢቱን ታያለች፣ ጎረቤታችንን ታያለች፣ እንደገና ከረጢቱን ታያለች። "ሰው እኮ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚሰርቀው!" እኔም ጎረቤታችንን በክፉ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አባቴ ጣውላውን ይልጋል።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። አክስቴን ለዚያን ቀን አወጧት፤ ቁራጩ በእሷ እጅ ነዋ የተተከለው። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋው፤ ግቢው መሃል ቆማ ግንባሯን በእጇ ከለለች። ልብሷ ሰፍቷታል።

ባለ መጋዙ ሁለት ሚዜዎቹን ይዞ በበቅሎ በአቋራጩ ወረደ። ከሩቅ ሲያየኝ "ጫማውስ?" ብሎ ጮኸ።

"ሳጥን ውስጥ ነው!"

"ደረሰ በይው! ዝናብ ሳይጥል እንጨርሰዋለን!"

ከዚያ ግን ችግኞቹን አየኋቸው። ቅጠላቸው በፀሐይ ተጠብሶ ግማሹ ረግፏል፤ ደረቅ እንጨት የተተከለ ይመስላሉ። "ሞቱ!" ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሠርጉ ያለ ጌጥ ሊቀር ነው። ባለ መጋዙ ሳቀ። "አላልኩም? ድንጋይ ላይ! በሉ ጋሽ ሜትር፣ ይህችን መንገድ መልሱልንና ወደ ቤታችን እንሂድ።"

ጋሽ ሜትር ጉልበቱን እያንቋቋ ተንበረከከ። የመጀመሪያውን ችግኝ ግንድ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ አደረገው። ከግራጫው ልጥ ሥር ቀጭን መስመር ብቅ አለች።

"አረንጓዴ" አለ።

ወደ ሁለተኛው ሄደ። ፋቅ አደረገ። "አረንጓዴ።" ሦስተኛው ሞቷል። ቀጣዩ፣ "አረንጓዴ።" ሰዉ ተከትሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ነው ሕጉን ጎረቤታችን ለልጇ ስታስረዳ በደንብ የሰማሁት፤ ከጸደቀ ማንም አያልፍበትም። ማንም! ሙሽራስ? ሚዜስ? አክስቴን አየኋት። የታሰረ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ምስኪን፣ በገዛ እጇ ከሰውዬው ልትለያይ ነው አልኩ።

ከመንገዱ እኩሌታ በላይ፣ የእኔ ማንቆርቆሪያ ደርሳ ወደማታውቅበት ስንወጣ፣ አክስቴ እርምጃዋ ከበዳት። እዚያ ላሉት ውሃ ያጠጣ እንደሌለ ታውቃለች። ጋሽ ሜትር ፋቀ።

"አረንጓዴ። እንዲያውም ይሄ ይበልጣል።"

አክስቴ ተንበረከከች። ከችግኙ ሥር አፈሩን በጣቶቿ ጫር ጫር አደረገችና በመዳፏ የሆነ ነገር ዘግና አነሳች። ብጫ፣ በውሃ የራሰ፣ እንጨት እንጨት የሚሸት። ቀና ብላ አባቴን አየችው። አባቴ ሰማዩን አየ። "ሊዘንብ ነው መሰለኝ" አለ። ደመና አልነበረም።

ለእኔ ግን ሌባው ተገኝቷል! "እማዬ! ሰጋቱራሽ! ሰጋቱራሽን እዚህ አምጥታ ደፍታዋለች!" ብዬ በጣቴ ጎረቤታችንን ጠቆምኩ።

እናቴ አፌን በመዳፏ ግጥም አደረገችው። ጎረቤታችን ለመቆጣት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በዚያ መንደር ሰጋቱራ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው።

ባለ መጋዙ ከበቅሎው ወረደ። "አንተ ነህ?" አለው አባቴን። "በእኔ እንጨት?"

አባቴ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ሲሆን ወለል ነበር የሚያየው። እዚያ ወለል የለም፤ ዳገት ነው። ቀና አለ።

"ይሄ ደን ከሆነ ቤትህ በእግር ሁለት ቀን ነው" አለ። "እናቴ ያለችኝን ታውቃለህ። አልድርልህም።"

"መኪና አለኝ አይደለም እንዴ! በመኪና አመላልሳታለሁ!"

"መኪናው ያንተ ነው። እናቴ በእግርህ ነው ያለችኝ።"

"ከነገ ጀምሮ ከግቢዬ አንዲት ጣውላ አትወጣልህም።"

"አውቃለሁ።"

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ የፈራ መሰለኝ፤ እውነትም ፈርቶ ነበር። ያን ያህል ፈርቶ ማለቱ ነው ዛሬ የሚያስለቅሰኝ።

ባለ መጋዙ ሚዜዎቹን ጠራ፣ በቅሎው ላይ ወጣና ወደ ላይ አዞራት። ጋሽ ሜትር ከወገቡ ሜትሩን ስቦ መንገዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋው።

"በየት በኩል ነው?"

"ወደ ቤቴ ነዋ!"

"በዚህ አይሆንም ጌታዬ። ከግማሽ በላይ ጸድቋል። ደን ነው። በዋናው መንገድ ይዙሩ።"

"አንተ ሰውዬ አብደሃል? አሁን እኮ ነው በዚህ የመጣሁት!"

"ሲመጡ መንገድ ነበር።"

ሰዉ መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር የሳቀው፤ ከዚያ ማን እንደጀመረ አላውቅም፣ ዳገቱ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ባለ መጋዙ በእኔ በኩል ሲያልፍ "ጋሼ!" አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝ።

ቤት እንደገባን አባቴ መፍቻውን አምጥቶ የበራችንን መቀርቀሪያ ፈታው። አራት ብሎን ነበረው፤ አራት ቀዳዳ ቀረ። ሰጋቱራ ከሙጫ ጋር ለውሶ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። አክስቴ ከጀርባው ቆማ ታያለች።

"አባዬ፣ ሠርጉ መቼ ነው?"

"ሠርግ የለም።"

መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ጫማው በማግሥቱ ተመልሶ ሲላክ ደግሞ ከልቅሶ ብዛት ትኩሳት ያዘኝ። አክስቴ ያን ቀን አጠገቤ ተኝታ፣ ያቺን ጠማማ ጣቷን ግንባሬ ላይ እያመላለሰች፣ ትስቅ ነበር። እኔ ሳለቅስ ትስቃለች ብዬ ለስንት ቀን አኮረፍኳት።

አባቴ ከዚያ በኋላ አዲስ በር ሠርቶ አያውቅም። የሰው አሮጌ በር ሲጠግን፣ የወንበር እግር ሲቀጥል ኖረ። እናቴ ስንቴ እንዳማረረች፣ ስንቴ ደግሞ ማታ ትከሻውን በቅባት እንዳሸችለት እኔ ነኝ የማውቀው። እሱና አክስቴ ስለ ሰጋቱራው አንድ ቀን ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

አሁን የተራራው ምንጭ ይፈሳል። አክስቴ የመንደሩ ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ናት፤ ሽበቷ ውስጥ አፈር አይጠፋም። ባለፈው ስሄድ አቋራጩን ለልጄ ልናሳይ ብለን ሦስት ሆነን ፈለግነው። "እዚህ ጋ ነበር" ትላለች፣ ትንሽ ሄዳ "አይ፣ እዚያ ጋ" ትላለች። ወይራው ከጥዱ ተጋጥሞ መግቢያ የለውም። ሳናገኘው ተመለስን።

ማታ በዚያችው ክፍላችን ተቀምጠን አባቴ ከመሞቱ በፊት ያለኝን ነገርኳት። አልጋ ላይ እያለ ጠይቄው ነበር፤ ለምን በዝምታ፣ ለምን ሰው ሳያይ፣ ለምን ዝም ብለህ በሩን አልከፈትክላትም ብዬ።

"በሩን ከፍቼ ሂጂ ማለት አቃተኝ" ነበር ያለኝ። "ያን ያህል ሰው አልነበርኩም። መንገዱን መዝጋት ግን ችዬ ነበር።"

አክስቴ ተነስታ በሩ ጋ ሄደችና ያቺን ጠማማ ጣቷን በአራቱ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈቻት። ስትወጣ በሩን አልዘጋችውም፤ ገርበብ አድርጋው ሄደች።